«ይብቃኝ» በእንግሊዝኛ

ሪፊዩዝ ካለ በሩ ተቀረቀረ ማለት ነው፣ ዲክላይን ካለ ገርበብ ብሎ ይቆያል፣ ደግሞ ሌላም አለ፣ ምን ነበር፣ ያ ወንዝ ዳር ደርሳ አልሻገርም እንደምትል በቅሎ ያለው ቃል፣ ሪላክታንት፣ አዎ ሪላክታንት፣ በቅሎዋ መሻገሩን አልጠላችም፣ የሚስባት ሰው ነው የምትፈልገው፣ ከሦስቱ አንዱን መርጦ ለሐኪሙ ማቀበል ነው የሀብቱ ሥራ፣ ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል፣ አባቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ፣ የተናገሩት አንድ ቃል ነው። ይብቃኝ።

በአገውኛ ነው ያሉት፣ አማርኛውን ከማንም አሳምረው እያወቁ፣ ይብቃኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ምኑ ነው የሚበቃቸው፣ ሐኪሙ የጠየቀው እኮ ግልጽ ነው፣ እግርህ ከጉልበት በታች ሞቷል፣ ዛሬ በእኔ መኪና ባሕር ዳር ሄደህ ካልተቆረጠ ሞቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትሄዳለህ ወይስ አትሄድም፣ ይህንን ሀብቱ ራሱ ነው የተረጎመው፣ እግርዎ ሞቷል ብሎ፣ በገዛ አፉ፣ ለገዛ አባቱ፣ ድምፁ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ፣ አስተርጓሚ ነዋ፣ የዳንግላ ክሊኒክ አስተርጓሚ ሀብቱ ቢሻው፣ ሚኒስትሪ ያለፈ፣ እንግሊዝኛን እንደ ጠላ የጨለጠ። ጨምረህ አትናገር ቀንሰህም አትናገር፣ አንተ የመስኮት መስታወት ነህ ብሎታል ሐኪሙ ገና ሥራ በጀመረበት ቀን፣ እሱም ኮርቶ ነበር፣ መስታወት መሆን ደስ ይላል፣ ሰው በአንተ ውስጥ አሻግሮ ያያል፣ አንተን ግን አያይህም። አንቱታን ብቻ ይጨምራል፣ ያ እንኳ የሐኪሙ ጥፋት አይደለም፣ እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለውሻውም አንድ ዩ ነው ያለው።

ሚስተር ኩሪያን ቢኖር ይጠይቀው ነበር። ከህንድ አገር መጥቶ ዳንግላ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረው ሚስተር ኩሪያን፣ በጋ ክረምት ጥቁር ጃንጥላ የማይለየው፣ ሁለት ቃላት አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡም የሚለው፣ አንድ ጧት ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት የባንዲራው እንጨት እንኳ አልታይ ሲል በመስኮቱ እያሳየ ይህ ፎግ ነው ወይስ ሚስት ብሎ ጠየቀ፣ ልጆቹ ሚስት ሲል ሰምተው ሳቁ፣ ባለጌዎች፣ ፎግ ማለት ቤትህን የማታይበት ነው፣ ሚስት ማለት ደግሞ ቤትህን እያየኸው የማታምንበት ነው፣ አለ፣ ጃንጥላውን ተደግፎ። ያን ቀን የሀብቱ ልብ ቀለጠ። አገሩ ዘንገና ነው፣ ሐይቁ ዳር፣ በክረምት ጧት ውኃው ላይ የሚተኛውን ነጭ ነገር ዕድሜውን ሙሉ እያየ እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም፣ ጉም ነው ጭጋግ ማን ይለያል፣ ውኃው ከሥር አለ፣ አለ ግን የለም፣ ፈረሶቹ ሊጠጡ ሲወርዱ መጀመሪያ እግራቸው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ በኋላ አንገት ብቻ ሲንሳፈፍ ይታያል፣ የአባቱም ራስ እንዲሁ፣ ነጭ ጋቢ በነጭ ጉም፣ ና አንተ ዳማውን ያዝልኝ፣ እሱ ግን ዳገቱ ላይ ቆሞ ሚስት ነው ይላል ለራሱ፣ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ፣ ሚስት ነው ፎግ አይደለም፣ ደስ ብሎት፣ ዳማው ልጓሙን ጎትቶ ሲያመልጥ እንኳ አላየም፣ አባቱ ሣቁ፣ ይህ ልጅ ቃል ይገራል እንጂ ፈረስ አይገራም። ሣቁ ወይስ አዘኑ፣ እሱንም አልለየም።

ዌል፣ ይላል ሐኪሙ።

አንድ ጊዜ፣ ይላል ሀብቱ በእንግሊዝኛ፣ የአባባን ቃል እያሰብሁበት ነው፣ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ከባሕር ዳር በላንድሮቨሩ በየጊዜው እየመጣ የስንቱን ቁስል ያጠበ ሰው ነው፣ ችግሩ አንድ ነው፣ ሁለተኛ አይጠይቅም። ይህንን አሁን በር ላይ የቆመው ቁስል አሳሪው ድሬሰር አድማሴ ያውቀዋል፣ ሥራ የበዛ ቀን ምሳ ሳይበሉ ቀኑ ተጋመሰ፣ ሐኪሙ የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍቶ ለአድማሴ ዘረጋለት፣ አድማሴ ሆዱ እየጮኸ ኧረ ይቅርብኝ እርስዎ ይብሉ አለ፣ ወግ ነዋ፣ ሰው ሲጋብዙት ዘሎ ይጎርሳል እንዴ፣ መስታወቱ ሀብቱ ኖ ታንክ ዩ ብሎ አቀበለ፣ ሐኪሙም ቆርቆሮውን ክድን፣ ጧ፣ አድማሴ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እስከ ዛሬ ዳንግላን ሁሉ ያስቅበታል፣ ፈረንጅ መልካም ነው ወንድሜ ግን ሁለተኛ አይልም፣ በመጀመሪያው ካልያዝኸው ጦምህን ታድራለህ።

ብስኩት ነበር፣ አሁን እግር ነው።

አባቱ ደግሞ የይብቃኝ ሊቅ ናቸው። ሠርግ ቤት ገና ሁለት ጊዜ ሳይጎርሱ መዳፋቸውን ዘርግተው ይብቃኝ ይላሉ፣ ባለቤቱ ይለምናል፣ ይብቃኝ፣ ሚስቱ ትመጣለች፣ ይብቃኝ፣ አማቲቱ ትጠራለች፣ እሷ መቼም አትቻልም፣ እንግዲህ ለእናንተ ስል ይሉና ከሁሉ ኋላ ጠግበው ይነሣሉ፣ ካልለመኗቸው ግን ያን ቤት ዳግመኛ አይረግጡትም፣ ጥሊሊ አንድ ቤት እንዲሁ ይብቃኝ ሲሉ እሺ ብለው ማዕዱን ያነሡባቸው ጊዜ ቤት ገብተው እራት አምጡ አሉ፣ ምነው ምግብ አልነበረም ወይ ቢሏቸው፣ እንጀራስ ነበር ሰው አልነበረም አሉ። እናቱ በሕይወት ነበረች ያን ጊዜ፣ ስትስቅ ጥርሷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። እሷ ከሞተች በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ሌላ ሚስት እናምጣልዎ ሲላቸውም ይብቃኝ ብለዋል፣ ያኛው ሌላ ነው፣ ያኛው ሲወጣ ሁሉም ዝም አለ፣ ማንም አልለመነም፣ ሁሉም ገብቶታል፣ ድምፁ ግን ያው ነው እኮ፣ መዳፉም ያው፣ አሁን የሰማው የትኛው ነው፣ የሠርጉ ነው የሐዘኑ፣ ዲክላይን ነው ሪፊዩዝ፣ አንድ አፍ ውስጥ ሁለት ይብቃኝ አለ፣ ልጅ ሆኖ አለመለየት እንዴት ያሳፍራል።

ፊታቸውን ቢያይ ይለይ ነበር፣ ፊታቸው መስኮት ነው የሚያየው። ውጭ ገበያ ነው፣ የገበያተኛ ፈረሶች ባሕር ዛፉ ሥር ታስረው ጭራቸውን ያወናጭፋሉ፣ እሳቸውም ፈረሶቹን ነው የሚያዩት፣ ሌላ ምን ያያሉ፣ አንዱ ግራጫ የኋላ እግሩን አንሥቶ ያሳርፋል፣ እያፈራረቀ፣ ሲደክመው አንዱን፣ አራት አለው፣ ይችላል። ጥር ጊዮርጊስ ዕለት ነው ዳማው የጣላቸው፣ አልጣላቸውም፣ አብሯቸው ወደቀ፣ ጉግስ ላይ፣ ሰባት ቤት አገው ሜዳውን ሞልቶ ሲጋልብ፣ እርጅናው መጥቷል ይቅርብዎ ቢሏቸው እርጅና እግረኛ ነው አይደርስብኝም ያሉት ሰውዬ ዳማው ተሰናክሎ እግራቸው ላይ ተኛባቸው፣ ሀብቱ አልነበረም፣ ዳንግላ የሰው ሆድ ቁርጠት ሲተረጉም ነበር፣ ስቶማክ ኤክ ነው ክራምፕ ነው ሲል፣ ወጌሻው ሸንበቆ አስሮ ጥብቅ አደረገው፣ እጁ ደግ ነው፣ ስንቱን አቁሟል፣ ይህኛው ግን አበጠ፣ ማሰሪያው አልላላም፣ ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ አቶ ቢሻው አመመኝ አይሉም፣ ሰው እንዲያስታውስላቸው ይጠብቃሉ፣ ሽታው ነው ያስታወሰው።

አሁንም ይሸታል። ዴቶሉ ከላይ፣ እግሩ ከሥር።

እንግዲያስ አግሪድ ቢልስ። ተስማምተዋል፣ ይውሰዷቸው፣ ማን ያውቃል፣ አድማሴ አገውኛ አይሰማም፣ ሐኪሙ አይሰማም፣ አባቱ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ወንዝ የሚሻገር ሀብቱ ብቻ ነው፣ አንዲት ቃል ነች፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ሐኪሙ ይጽፋል፣ ላንድሮቨሩ ይነሣል፣ አባቱ ወዴት ነው ሲሉ ባሕር ዳር መድኃኒት ሊሰጥዎ ነው ይላቸዋል፣ ከዚያ ይነቁና እግር የለም፣ ማን ቁረጡ አለ ይላሉ፣ ልጅዎ፣ እኔ ይብቃኝ ብያለሁ እኮ፣ አዎ ብለዋል፣ ታዲያ። ታዲያ ይኖራሉ፣ ይኖራሉ ግን ዳግመኛ አያናግሩትም፣ ቂም ሲይዙ እንደ ልጅነት ጠባሳ ነው፣ አብሯቸው ያድጋል፣ ቢሆንስ፣ ሳያናግሩኝ ይኑሩ፣ ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ይዩ፣ ፊታቸውን ያዙሩብኝ ብቻ ፊት ይኑራቸው። አይሆንም፣ አፋቸውን አምነው ሰጥተውታል፣ የሰው አፍ ይሰረቃል እንዴ።

ሽማግሌዎቹ ቢኖሩ። እስከ መንገድ በቃሬዛ ከዚያ በጭነት መኪና ያመጧቸው የዘንገና ጎረቤቶች ግድግዳውን ተደግፈው ውጭ ተቀምጠዋል፣ ድምፃቸው ይሰማል፣ አቶ ውዱ ያስላሉ፣ እነሱ ቢኖሩ ኖሮ አንዱ እግዜርን ፍራ ይላቸው ነበር፣ አንዱ ይቆጣቸው ነበር፣ አቶ ውዱ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መትተው አንተ ቢሻው እኛን ለማን ትተህ ነው ይሏቸው ነበር፣ ይብቃኙ እየተለመነ ወይ ይላላል ወይ እውነቱ ይወጣል፣ እንዲህ ነው ሰው ቁርጡ የሚታወቀው፣ ማን አስወጣቸው፣ ሐኪሙ ሰው አይሰብሰብብኝ ይላል፣ በር ላይ ቆሞ ውጡ ተብላችኋል ያላቸው ግን ማን ነው። ሀብቱ ነው። ለምኑልኝ የሚላቸውን ሰዎች አንድ ባንድ አስወጥቶ፣ ከሐኪሙ ወንበር አጠገብ ወንበሩን ስቦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ እግርዎ ሞቷል አላቸው።

እና እሳቸው ምን አዩ። አንድ ፈረንጅ አንድ ጊዜ ጠየቃቸው፣ ልጃቸው አቀበለ፣ ይብቃኝ አሉ፣ ዝም። ማንም አልለመናቸውም። ልጃቸው በሰው አገር ቃል ጓዳ ውስጥ ሪፊዩዝን እያነሣ ዲክላይንን እየጣለ ሲያማርጥ እሳቸው እዚህ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ጥሊሊ ያ ቤት፣ ማዕዱ ሲነሣ፣ እንጀራስ አለ። ቃሉ የሠርግ ይሁን የሐዘን አባቱ ራሳቸው ገና አያውቁትም ይሆናል፣ ከሚለምናቸው ሰው ነው የሚያውቁት፣ ካጡ ሐዘን ነው፣ ካገኙ ሌላ ነው፣ የእንግሊዝኛው ቃል ገና አልተወለደም፣ የሌለውን ነው ሲያማርጥ የቆየው። ፈርቷል፣ አባቴ ሊሞቱብኝ ነው፣ ይህን እስካሁን አላሰበውም፣ በሁለት ቋንቋ ተናገረው እንጂ አላሰበውም።

ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሐኪሙ ቀና ይላል፣ ሀብቱ ሦስት ቃላቱን እዚያው ወንበሩ ላይ ትቷቸው ይሄዳል፣ አልጋው ሥር ይንበረከካል፣ ጤነኛውን ጉልበት ይይዛል፣ ቀጭን ነው፣ መቼ ነው እንዲህ የቀጠነ።

አባባ፣ ይላል፣ በአማርኛ ነው የሚለው፣ አድማሴም ይስማ፣ ግድግዳውም ይስማ፣ አባባ አፈር ስሆን ይሂዱልኝ።

ፊታቸው ከመስኮቱ ይመለሳል። ምን አልህ።

አፈር ስሆን።

አፈርማ የእኔ ተራ ነው፣ ይላሉ፣ ተራዬን ምነው ትቀማኛለህ። ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ያየዋል፣ ሸሚዙን፣ ደረት ኪሱ ላይ የተሰካውን እስክሪብቶ፣ ደግሞ ፊቱን። ይህን የሚለው ሐኪሙ ነው አንተ ነህ።

እኔ ነኝ፣ ሐኪሙ ምንም አላለም።

እስካሁን ስትለኝ የቆየኸውስ።

እሱ የሐኪሙ ነው አባባ።

አንተስ የት ነበርህ ታዲያ።

እዚሁ ነበርሁ።

አላየሁህም፣ ይላሉ፣ እንደ ወቀሳ አይደለም፣ በእርጋታ፣ የደረሰባቸውን እንደሚያወራ ሰው። ሀብቱ ይቅርታ ሊል አፉን ይከፍታል፣ እንባው ይቀድመዋል፣ ድሬሰሩ አድማሴ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል፣ ሐኪሙ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሥቶ ምንድን ነው የሚባባሉት ይላል በእንግሊዝኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው ሳይተረጎም መሬት ወድቆ ይቀራል።

ዳማውንስ ማን ይቀመጠዋል፣ ይላሉ አባቱ።

እኔ እቀመጠዋለሁ።

ትወድቃለህ።

እወድቃለሁ።

ሰው ይስቅብሃል እኮ፣ ያን ሁሉ ሜዳ ሙሉ ሰው።

ይሣቅ።

ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ብቅ ይላል ይጠፋል፣ ሣቅ ነው ሕመም፣ ጉም ነው ጭጋግ፣ ግድ የለም፣ ያለ ስም ይኑር፣ እጃቸውን አንሥተው ራሱ ላይ ያሳርፉታል፣ ከባድ እጅ ነው፣ የልጓም እጅ፣ በሀብቱ ራስ ላይ ካረፈ ስንት ዘመኑ። ለዘመድ አልተረታሁም፣ ይላሉ፣ ሐኪም አልፈራሁም፣ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ፣ አፈር ስሆን ካልኸኝ። ይቁረጠው በለው።

ሀብቱ ከተንበረከከበት አይነሣም። እንደዚያው ሆኖ ዬስ ዶክተር ይላል፣ ዬስ ነው፣ ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ ያደርግና ደግሞ ያቆማል፣ ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ፈቅዶ ነው ወይስ እሺ ለማለት ያህል ነው ይላል፣ አክሴፕት ነው ያደረገው ወይስ ጊቭ ኢን፣ ለእኔ አንድ አይደሉም፣ ሳይወድ የሄደ ሰው ቢላዋ ሥር አይበረታም። ልክ ነው፣ አንድ አይደሉም፣ ሌላ ቀን ቢሆን ሀብቱ በዚህ ጥያቄ እንዴት ደስ ይለው ነበር፣ አክሴፕት፣ ኮንሰንት፣ ጊቭ ኢን፣ ሁሉም በየወንበራቸው ተሰልፈው ይጠብቁታል፣ አንዳቸውም ግን የአባቱን እጅ ክብደት አልያዙም፣ አልወደዱም፣ አልተሸነፉም፣ ሌላ ነገር ነው ያደረጉት፣ ይፈልገዋል፣ የለም፣ መፈለጉን ይተወዋል።

ስለ እኔ ብለው ነው፣ ይላል በአማርኛ።

ሐኪሙ አልገባውም፣ ይጠብቃል፣ ሀብቱም ሌላ ቃል አይጨምርም። አድማሴ ግን በሩን ከፍቶ ቃሬዛውን ተሸክመው እንዲመጡ ሽማግሌዎቹን ይጠራል።